የጋሼ ቸኮል ሙሽሪት

ጋሼ ቸኮል ሞጣ ላይ መሞቱን ያረዳኝ ይርጋ ነው። ከሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጋሼ ቸኮል አረፈ» አለኝ። የብረት በር እየቀባሁ ነበር፤ ቀና ሳልል «ከምን?» አልሁት። ይርጋ ሊስቅ ፈልጎ ዋጠው። እናቴ ግን ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ እያለች ቀኑን ሙሉ ስትቆጣኝ ዋለች።

ሙት ወቃሽ አይደለሁም። በቁሙም ወቅሼዋለሁ፤ ያኔ የሰማኝ አልነበረም እንጂ። በሕይወት ሳለ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ «አንቱ» እለው ነበር፣ በዕድሜም አባቴ ይሆናል። አሁን አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ። ከማውቃቸው ደጋግ ሰዎች ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ ይህን ሰውዬ ግን የምረሳው አይመስለኝም። ይህም ራሱ ያናድደኛል።

ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩል ያየው የቢቸና ሰው የለም። ዘለግ ያለ፣ ፊቱ የጠገበ፣ ሁልጊዜ ነጭ ጋቢ የሚለብስ ሰው ነበር። ሥራው ጎማ መጠገን ነው፤ ጋቢው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ዘይት አይቼ አላውቅም። መንገድ ዳር ካለው ሰፊ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች ጎሚስታ ነበረችው። ጎማ የተነፈሰበት የባጃጅ ሹፌር ይመጣል። ጋሼ ቸኮል በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ጭራውን እያወዛወዘ ስለ ትዕግሥት ያወራለታል። ሹፌሩ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይለጥፋል፣ ራሱ ይነፋል፤ ሲጨርስ ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር ይባላል። ከቅኔ ሁሉ የምታንሰው ጉባኤ ቃና እንኳ ሳትሞላለት ወጣ። ከዚያ የተረፈው ድምፁ ብቻ ነው፤ ያንን ድምፅ ይዞ ዕድሜ ልኩን በላበት። ውሃ ስጡኝ ሲል ምሥጢር የሚገልጥ ይመስላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይወድ ነበር፤ የሱ እንቁላል እስከማውቀው ድረስ የትም አልሄደም።

እኔ የብረት በርና መስኮት፣ አልጋም እሠራለሁ፤ በይጄ እቀባለሁ። ይርጋ አናጢ ነው፤ ሶፋና ቁም ሳጥን ሠርቶ በቫርኒሽ ያሳምራል። ሁለታችንም ትንንሽ ኮምፕሬሰር ነበረን። ኮምፕሬሰር አየር እየሳበ ታንከር ውስጥ የሚያጭቅ ማሽን ነው፤ ቀለሙን ከመርጫው የሚያስወጣው ያ የታጨቀ አየር ነው። የኛዎቹ ትንፋሻቸው አጭር ነበር። አንድ የግቢ በር አጋምሼ ስቀባ አየሩ ያልቃል፣ መርጫው ይተፋል፣ የለሰለሰው ቀለም ላይ እንደ ፈንጣጣ ነጠብጣብ ይጥልበታል። ከዚያ መፋቅ፣ እንደገና መቀባት ነው። ይርጋም እንደዚሁ ይሰቃያል። ጋሼ ቸኮልም ለጎማ መንፊያ እንደኛው ያለች ኮምፕሬሰር ነበረችው።

አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ቀለሙ ሲተፋብኝ ቆሞ አየ። ከዚያ በዚያ ድምፁ፣ «የሺ ልጄ፣ አንቺም ለብቻሽ ትንፋሽ ያጥርሻል፣ ይርጋም ያጥረዋል፣ እኔም ያጥረኛል። ሦስቱን ብናጋጥማቸው ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ወንፈል እንግባ» አለኝ።

ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ይህን አልክድም። ሦስት ትንንሽ ታንከር አንድ ላይ ሲገጣጠም እንደ አንድ ትልቅ ታንከር ነው። እኔና ይርጋ ዕቃችንን ይዘን ወደሱ ግቢ ገባን። በግድግዳው ርዝመት ወፍራም የብረት ቧንቧ ዘረጋን፣ መገጣጠሚያውን በየድሁ። የሦስቱም ኮምፕሬሰር የአየር ቱቦ ቧንቧው ላይ ተገናኘ፤ በሌላው ጫፍ የኔ የቀለም መርጫ፣ የይርጋ የቫርኒሽ መርጫና የሱ የጎማ መንፊያ ተንጠለጠሉ። እሱ በጭራው እየጠቆመ «ከፍ አድርጉት፣ ዝቅ አድርጉት» ይል ነበር። ያቃናነው ቧንቧ ቀድሞውኑ ቀጥ ያለ ነበር።

ሲያልቅ የነፍስ አባቱን አምጥቶ ጠበል አስረጨበት። እንደ ጽዋ ማኅበር ይሁን አለና ራሱን ሙሴ አድርጎ ሾመ፤ የማኅበር አለቃ ማለት ነው። መዳፉን ቧንቧው ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ይተነፍሳል» አለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲህ ያደርግ ነበር። ሥራው እሱ ነበር።

የራሱን ኮምፕሬሰር ሙሽሪት ይላታል። የኛ በላያቸው ቀለምና የእንጨት ፍቅፋቂ ተጋግሮባቸዋል፤ ሙሽሪት ግን አበባ ያለው ጨርቅ ትለብሳለች። ጠዋት እኔና ይርጋ ቀድመን ገብተን ማሽኖቻችንን አስነሥተን ሦስቱንም ታንከር እንሞላለን። እሱ ከቅዳሴ መልስ ይመጣና ጨርቁን ገልጦ ማብሪያዋን ይጫናል። ቀይ መብራት ትበራለች። እኛም ሙሽሪት ሥራ ገባች ብለን እናምናለን።

የኛ አገር ሰው ያልሆነ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት አላወቃችሁም ይለኝ ይሆናል። ነገሩ ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ ማሳ እየተባለ በተራ በሚሠራ ሥራ መካከል ቀና ብሎ ማን ስንት ትልም አረሰ ብሎ መቁጠር ነውር ነው። የቆጠረ ሰው ከወንፈል ይወጣል፣ ልጁን እንኳ የሚያገባለት አያገኝም። እኔም ይርጋም ከገበሬ የተወለድን ነን። ባናርስም ነውሩ ከነ ቧንቧው አብሮን ገባ። ጋሼ ቸኮል ይህን ያውቃል። እንዲያውም ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም።

በዓል ሲያከብር ደግሞ ማየት ነበር። እኛም ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን እናከብራለን። እሱ ግን ካህናቱ ራሳቸው ስማቸውን ሲሰሙ ግንባራቸውን የሚያኮማትሩባቸውን ቅዱሳን ያመጣ ነበር። አርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሞጣ ሙስሊም ወዳጆች አሉኝ፣ በጸሎታቸው ሰዓት ማንኳኳት ይከብደኛል ብሎ በሩን ይዘጋል። ሞጣ የት፣ ቢቸና የት። በዓል ነው ተብለን ከተባረርንባቸው ቀናት ባንዱ ነጠላዬን ረስቼ ልወስድ ስመለስ፣ የአማቹ ባጃጅ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጎማው ይነፋል። ጋሼ ቸኮል አየኝ፤ አልደነገጠም። ሞተር አልተነሣ፣ እጅ አልተነሣ፣ ነፋሱ ትናንት የተሠራ ነው አለኝ። ትናንት የሠራነው እኔና ይርጋ ነን።

ከዚያ የጥር ሠርግ ሰሞን መጣ። ይርጋ የሙሽሮች አልጋና ቁም ሳጥን ተደራርቦበት ቀን ከቀን ይረጭ ነበር። ይርጋ የሚያስቅ ሰው አይደለም፣ ጨዋታም አያውቅም፤ ቆመጥ ነው። ሆኖም የሚሠራው ነገር ቀጥ ያለ ነው። ያቺን ኮምፕሬሰር የገዛው ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ፣ መሬቱን ለወንድሙ ትቶ ነው። በሬ ከሌለው ወደ እርሻ አይመለስም፤ ኮምፕሬሰር ከሌለው አናጢነቱ የሰው ቤት ሠራተኝነት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተን። የይርጋ ሞተር ጭስ ተፍቶ ጸጥ አለ። ሞጣ ወስዶ ባለሙያ አሳየ። ሽቦው ነዷል፣ ፒስተኑም ታኝኳል፣ ታንከሩ ብቻ ደህና ነው ተብሎ ተመለሰ።

ጋሼ ቸኮል ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ተነሣ። ያንን ነጭ ጋቢውን አወለቀና የተቃጠለው ሞተር ላይ አለበሰው። ራሱን ነቀነቀ። «አብዝቶ ሠራ» አለ። «ሥራ ይገድላል።» ጎረቤት የመጣው ሁሉ እንባው መጣ፤ እንዴት ያለ አንጀተ ሩኅሩኅ ሰው ነው ተባለለት። ይርጋ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ነበር። እሱን ያየ የለም።

ሰው ሲበተን ዕቃዬን ልሰበስብ ጎንበስ ብዬ፣ እንዳልወድቅ እጄን ሙሽሪት ላይ አሳረፍሁ። ቀዝቃዛ ነበረች። የኔ ማሽን እጅ አያስነካም፣ የይርጋ ነዷል፣ እሷ ግን ቀይ መብራቷን አብርታ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዛለች። ነውር የሚባለውን ያን ጊዜ ረሳሁት። ካቻቪቴ አንሥቼ ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ከፈትሁ።

ይህች ሳጥን በሁሉም ኮምፕሬሰር ላይ አለች። አየር ሲቀንስ ሞተሩን የምትቀሰቅስ፣ ሲሞላ የምታስተኛ እሷ ናት። ውስጧ ያለችውን ብሎን ካጠበቅህ ሞተሩ ቶሎ ይነቃል፤ ካላላህ አየሩ ጨርሶ ካልተራቆተ አይነቃም። ማሽኖቹ በአንድ ቧንቧ ስለተያያዙ የሦስቱም አየር አንድ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚነቃው ለሁሉም ይሠራል፣ ከባድ እንቅልፍ ያለው ይተኛል። የሙሽሪት ብሎን እስከ መጨረሻው ላልታ ነበር። ከተገጣጠምንበት ቀን ጀምሮ አንዴም ነቅታ አታውቅም። ድምፅዋን ሰምቼው እንደማላውቅ ያኔ ነው ያስተዋልሁት።

ብሎኗን ማን አላላት ብዬ ጋሼ ቸኮልን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። እኔ ነኝ አለ። ይክዳል ብዬ ነበር፤ ቢክድ ይሻለኝ ነበር። በርጩማው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና፣

«አንዱ ማረፍ አለበት፣ ልጄ። ሁሉም ከሠራ ማን ይመለከታል?» አለኝ።

ሽማግሌ ፊት ቀረብን። የከሰስሁት እኔ ነኝ፤ የተፈረደብኝም እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ስለ ብሎን መስማት አልፈለጉም። አንደኛው፣ የተከበሩ አዛውንት፣ «በወንፈል መካከል ተቆጥሮ የተባረከ አይተን አናውቅም። የሰው ገበና በካቻቪቴ አይከፈትም» አሉኝ። ይርጋን ተናገር ቢሉት፣ የነደደው ነዷል አለ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቂ ተብዬ ተነሥቼ የጋሼ ቸኮልን ጉልበት ሳምሁ። ደግፎ አነሣኝ፣ ተነሺ ልጄ፣ ከልቤ ይቅር ብያለሁ አለኝ። ከልቡም ነበር። በዚያች ሰዓት የናቅሁትን ያህል ሰው ንቄ አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹንም ጨምሬ ነው።

ማኅበሩ ፈረሰ። እኔ ማሽኔን ይዤ ወጣሁ። ይርጋ ሞተሩ የነደደበትን ታንከር ጎትቶ ቤቱ ጓሮ ጣለውና ከአንድ ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ የሌላ ሰው ቫርኒሽ መርጨት ጀመረ። ጋሼ ቸኮል ብዙም ሳይቆይ ግቢውን አከራይቶ፣ ሙሽሪትን በጨርቋ ጠቅልሎ፣ ሞጣ ካለች ልጁ ዘንድ ሊጦር ሄደ። ሲሄድ ሰው አለቀሰለት፤ የሸኙት እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ አብረው ሄዱ።

ለቅሶው ላይ የሄድሁት እናቴ ስለገፋችኝ ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በእርግጥ መሞቱን ማየት ፈልጌ ነበር። መንገዱ ክፍት በነበረ ቀን በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ድንኳኑ ሞልቷል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጥቷል፤ ያ የአርብ ወዳጅነቱ ለካ ውሸት አልነበረም። ደግነቱ፣ አስተዋይነቱ፣ ሰው ማስማማቱ ይወራል። አንዱ «እሱ ባለበት ሥራ አይከብድም ነበር» አለ። እውነት ነው፣ ለሱ አይከብድም ነበር።

ልሰናበት ስነሣ ልጁ አበባ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ሙሽሪት ከነጨርቋ ጥግ ላይ ቆማለች። አባቷ ሊሞት ሲል ጠርቷት፣ «ያቺን ለይርጋ ስጡልኝ። አልነካኋትም በሉት» ብሎ እንደተናዘዘ ነገረችኝና አለቀሰች። አልነካኋትም ማለቱ እንደ አዲስ ናት ማለቱ መሰላት። ለእኔ ግን አላሠራኋትም ብሎ እንደ መናዘዝ ሆኖ ተሰማኝ። ለደቂቃ ያህል ንቀቴ ከየት እንደምይዘው ጠፋኝ። ሰውዬው ለካ ያውቅ ኖሯል አልሁ።

ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ቢቸና አመጣኋት። ይርጋን አስጠራሁት። ጨርቁን ገለጠው። እንደ ሙሽራም ታበራለች፤ ቀለሟ አልተነካም። የዚያን ቆመጥ ሰው ፊት እንዲህ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። ነገ ከነጋዴው እወጣለሁ አለ። ከመሰካቱ በፊት ግን እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ከታንከሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታ።

ውሃ ወጣ። እንደ ጠላ ድፍድፍ የጠቆረ ውሃ ወጣ፣ ወጣ፣ አላቆም አለ። አየር ሲታጨቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንከሩ ሥር ይጠራቀማል፤ እኔና ይርጋ ማታ ማታ ሳናፈስስ ቤታችን አንገባም ነበር። ጋሼ ቸኮል ጎንበስ አይልም። ያልሠራች ማሽን ምን ውሃ ይኖራታል ብሎ ይሆናል። ውሃው ግን ከኛ አየር ጋር በቧንቧው እየሄደ እሷ ዘንድ ተኝቶ ነበር። ይርጋ ጭቃማውን ውሃ አየና «የኛ ነው» አለ። ቀጥሎ የታንከሩን ሆድ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ሦስተኛው ላይ ካቻቪቴው እንደ በሰበሰ ዱባ በስቶት እስከ እጀታው ገባ።

እኔ ያን ጊዜ ያልተሳደብሁት ስድብ የለም። ኑዛዜው እንኳ የበሰበሰ፣ ሲሞት እንኳ የማይረባ፣ የሰጠውን ነገር ገልብጦ ለማየት የሰነፈ አልሁ። ሞጣ ላይ ልቤ ስለራራለት አፈርሁ። እናቴ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። ይርጋ ተነሥቶ ሄደ፤ ተስፋ ቆርጦ ሄደ ብዬ ነበር።

ሲመለስ በባጃጅ የራሱን አሮጌ ታንከር ጭኖ ነው። ዶሮ ሰፍሮበት ኖሮ ላዩ ሁሉ ኩስ ነው። ማፍሰሻውን ከፈተ፤ ጠብታ አልወጣም። በመዶሻ መታው፤ እንደ ደወል ጮኸ። ከዚያ ሙሽሪት አናት ላይ ያለውን ሞተርና ፒስተን በጣቱ አሳየኝ።

«ታንከሯን እንጂ ሞተሯን ምን ነክቶት?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያ ሞተር ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። ፈታነው። የይርጋ ታንከር አናት ላይ ስናስቀምጠው የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም፤ ለሞተሩ መቀመጫ የሚሆን ብረት ቆርጬ፣ በስቼ ሰጠሁት። ሳጥኗንም አዛወርናት። ያቺን የላላች ብሎን ያጠበቅኋት እኔ ነኝ፤ ይርጋ በቃሽ እስኪለኝ ድረስ አጠበቅኋት። ከሱቄ በስተጀርባ ካለው ክፍት ቦታ ላይ ቆርቆሮ መታንለትና ይርጋ እዚያው ሥራውን ጀመረ።

የጋሼ ቸኮል አርባ ሲደርስ እናቴ ለተዝካሩ ሞጣ ሄደች። እኔ በር ያዘዘኝ ደንበኛ ይጠብቀኛል ብዬ ቀረሁ። በማግስቱ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታወራልኝ ጀመር፤ ካህናቱ ስንት እንደነበሩ፣ ሰዉ እንዴት እንዳመሰገነው። እያወራች ሳለ ከግድግዳው ወዲያ ሞተር ተነሣ። ለስላሳ፣ እኩል እኩል የሚመታ ድምፅ ነው። ጥቂት ሠርቶ ተኛ፣ ወዲያው ተነሣ፤ ይርጋ ቁም ሳጥን እየረጨ ነበር።

እናቴ ጆሮዋን አቀናችና ይሄ ደግሞ ምንድነው አለችኝ።

«ጋሼ ቸኮል ነው፣ እማዬ» አልኋት። «ሥራ ጀመረ።»

ሙት ወቃሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች።